የክሪኬት መቺን ፎርም መለካት፦ ዕድሉ ስንት፣ ሜዳው ስንት፣ ሰውየው ስንት?

(ስለ ስፖርትና ዳታ ከተሰጠ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ወደ ኮዱ ከመግባታችን በፊት አሥር ቁጥሮች ላንብብላችሁ። 1፣ 8፣ 25፣ 0፣ 39፣ 28፣ 0፣ 7፣ 6፣ 20። ድምራቸው 134 ነው። የክሪኬት መቺው ቪራት ኮሊ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሕንድ ቡድን ጋር እንግሊዝ ሄዶ በአምስት የቴስት ጨዋታዎች ያስመዘገባቸው ነጥቦች ናቸው። በአማካይ 13.40 ማለት ነው። ለአንድ ከፍተኛ መቺ ይህ ውድቀት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ደግሞ እነዚህን ስሙ። 115፣ 141፣ 19፣ 1፣ 169፣ 54፣ 147፣ 46። ድምራቸው 692፣ አማካያቸው 86.50። ያው ሰው ነው። ከእንግሊዙ ጉዞ በኋላ አራት ወር ሳይሞላ አውስትራሊያ ውስጥ የጀመረው ሌላ የቴስት ተከታታይ ነው።

ቡድን መራጭ ብትሆኑ ኖሮ በመሃል ምን ትሉ ነበር? «ልጁ ፎርሙ ወርዷል፣ ትንሽ ይረፍ» ማለት ቀላል ነበር። ማስረጃውም እጃችሁ ላይ አለ፣ አሥር ቁጥር።

ዛሬ የማወራው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ስለሚሠራ ሶፍትዌር ነው። የአንድን ተጫዋች የቅርብ ጊዜ አቋም ወደ ቁጥር የሚቀይር መሣሪያ። ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። ዳታውን አውርድ፣ አማካይ አስላ፣ ግራፍ አውጣ፣ አለቀ። ችግሩ ግን ሰው «ፎርም» ብሎ በሚጠራው ነገር ውስጥ ሦስት ነገር ተቀላቅሎ መኖሩ ነው። አንዱ ዕድል ነው። ሁለተኛው ሁኔታው ነው፤ ሜዳው፣ ኳሱ፣ ተጋጣሚው። ሦስተኛው ብቻ ነው የሰውየው እውነተኛ አቋም። እነዚህን የማይለይ መሣሪያ የሰውን ዕድል በሚያምር ቀለም ከማሳየት አያልፍም።

ክሪኬትን ብዙም ለማትከታተሉ በአጭሩ። እያንዳንዱ ቡድን አሥራ አንድ ሰው አለው። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፣ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በበትሩ እየተከላከለ ይመታል። መትቶ ወደ ማዶ ሲሮጥ ራን የሚባል ነጥብ ይቆጠርለታል። ኳሱ መሬት ነክቶ ድንበሩን ካለፈ አራት፣ ሳይነካ ካለፈ ስድስት ያገኛል። ኳሱ እንጨቶቹን ከመታ፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘበት ይወጣል። ከወጣ ደግሞ ወጣ ነው። በዚያ ተራ አይመለስም። ይህ ተራ ኢኒንግስ ይባላል። ቴስት በሚባለው የአምስት ቀን ጨዋታ አንድ መቺ ቢበዛ ሁለት ኢኒንግስ ያገኛል።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። የእግር ኳስ አጥቂ በአንደኛው ደቂቃ ግብ ቢስት ሌላ ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ አለው። የክሪኬት መቺ በአንደኛው ኳስ ቢሳሳት ቀኑ አበቃ። ቁጭ ብሎ የጓደኞቹን ጨዋታ ያያል። ስለዚህ እጃችን የሚገባው ዳታ ትንሽ ነው፣ ያውም በጣም የሚዋዥቅ።

የተለመደው መለኪያ አማካይ ነው። የሠራውን ራን በሙሉ፣ በወጣበት ጊዜ ብዛት ታካፍላለህ። በኢኒንግስ ብዛት አይደለም፣ በወጣበት ብዛት። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን በቴስት በ80 ኢኒንግስ 6,996 ራን ሠራ። አሥር ጊዜ የቡድኑ ተራ አልቆ ሳይወጣ ቀርቷል። 6,996 ለ70 ሲካፈል 99.94 ይሆናል። ይህ በክሪኬት ዓለም ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ቁጥር ሳይሆን አይቀርም። በ1948 የመጨረሻ ኢኒንግሱ ላይ አራት ራን ቢጨምር አማካዩ ድፍን መቶ ይሆን ነበር። በዜሮ ወጣ።

«ሳይወጣ የቀረበትን ኢኒንግስ ለምን አትቆጥሩትም?» የሚል ክርክር ሁሌም አለ። የአውስትራሊያው ማይክል ቤቫን በአንድ ቀን በሚያልቁት ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች 196 ኢኒንግስ ተጫውቶ 67ቱን ሳይወጣ ጨርሷል። አማካዩ 53.58 ነው። በኢኒንግስ ብዛት ብናካፍለው 35 ገደማ ይወርዳል። «ቁጥሩ የተነፋ ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይይዙታል። እኔ በዚህ ክርክር ከአሮጌው ቀመር ጎን ነኝ። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ አመጣዋለሁ፣ ስለ ዕድል ስናወራ ራሱ ይወጣል።

እንግዲህ የዕድሜ ልክ አማካይ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግራል፣ ዛሬ የት እንዳለ ግን አይነግርም። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ «የመጨረሻዎቹን አሥር ኢኒንግስ ብቻ እንውሰድ» ነው። ይሠራል፣ ግን አንድ የሚያስቅ ጠባይ አለው። አንድ ሰው ከአሥር ኢኒንግስ በፊት 211 መትቶ ነበር እንበል። ዛሬ ገብቶ 40 ቢሠራ፣ ያ 211 ከመስኮቱ፣ ማለትም ከአሥሩ ዝርዝር ይወጣል። ግራፉ ገደል ይገባል። ሰውየው ዛሬ ጥሩ ተጫውቷል፣ ሶፍትዌሩ ግን ቀይ ቀስት ወደታች ያሳያል። የወረደው ዛሬ በሠራው ሳይሆን ከወራት በፊት በሠራው ነው። እንዲህ ያለ ግራፍ ይዞ አሠልጣኝ ፊት መቅረብ አይመከርም።

የተሻለው መንገድ አሮጌውን ቀስ እያሉ ማደብዘዝ ነው። እያንዳንዱ ኢኒንግስ አዲስ በመጣ ቁጥር የፊተኞቹ ክብደት በ0.9 ይባዛል። ስድስት ሰባት ኢኒንግስ ሲያልፍ ክብደቱ ግማሽ ይሆናል። ማንም በድንገት ከመስኮት አይወድቅም። 0.9 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። 0.95 ልትሉ ትችላላችሁ፣ 0.8 ልትሉ ትችላላችሁ። የቱ እንደሚሻል በዳታ ይፈተናል፣ እሱን መጨረሻ ላይ እናያለን።

አሁን ወደ ዕድል። እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ብዙ የፎርም መሣሪያዎች የሚዘሉት ይህንን ስለሆነ ነው።

አንድ ሳጥን አስቡ። ውስጡ 41 ዕጣ አለ። አርባዎቹ ላይ «አንድ ራን» የሚል ተጽፏል፣ አንዱ ላይ «ውጣ» የሚል። ታወጣለህ፣ ታያለህ፣ ትመልሳለህ። «ውጣ» እስኪደርስህ ድረስ ራን ትቆጥራለህ። ይህን ብዙ ሺህ ጊዜ ብትጫወተው አማካይህ 40 ይሆናል። ይህ ሐሳብ የእኔ አይደለም። በ1945 ኤልደርተንና ዉድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የክሪኬት ውጤቶች ከእንዲህ ያለ ሥርጭት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በየፊናቸው ጽፈዋል። ኮምፒውተር ሳይኖር፣ በእጅ ስሌት።

ሳጥኑ ፎርም የለውም። አያዝንም፣ አይደክምም፣ ከሚስቱ ጋር አይጣላም። ችሎታው ሁሌም አንድ ነው። እንግዲህ ይህ ፎርም የሌለው ሳጥን ምን ዓይነት ውጤት እንደሚሰጥ እንይ።

ግማሽ ያህሉ ኢኒንግሱ ከ28 በታች ነው። «አማካዩ 40 የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ 40 አካባቢ ይሠራል» ብለን ስለምናስብ ይህ ራሱ ይገርማል። ከአሥር ኢኒንግስ ወደ አራት የሚጠጋው ከ20 በታች ያልቃል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከ20 በታች የመውጣት ዕድሉ ከ17 አንድ ነው። ሃያና ሠላሳ ኢኒንግስ በሚጫወትበት ዓመት ውስጥ ይህ ቢደርስበት ምንም አይደንቅም። በጋዜጣ ግን «በሦስት ተከታታይ ኢኒንግስ የከሸፈው» ተብሎ ይጻፍበታል።

ከዚህ የሚብሰው የአሥር ኢኒንግሱ አማካይ ነው። ችሎታው ቁርጥ ያለ 40 የሆነው ሳጥን፣ በአሥር ኢኒንግስ የሚያሳየው አማካይ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ጊዜ ከ19 እስከ 68 ባለው ክልል ውስጥ ያርፋል። ክልሉን ልብ በሉ። 19 ከሆነ ከቡድን ይባረራል። 68 ከሆነ ሐውልት ይሠራለታል። በመሃል የተለወጠ ነገር የለም።

ቅድም ያቆየሁት የቤቫን ጉዳይ እዚህ ይመለሳል። በሳጥኑ ዓለም ጨዋታው ስላለቀ ሳይወጣ የቀረ ሰው ያልተጨረሰ ዕጣ ነው። የሠራው ራን ይቆጠራል፣ የመውጣት ዕጣ ግን አልደረሰበትም። ስለዚህ የሳጥኑን ችሎታ ለመገመት ትክክለኛው ቀመር ራንን በወጣበት ብዛት ማካፈል ነው። ያ የድሮ ቀመር የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ከፍተን ብንፈልግም የምናገኘው ነው። በኢኒንግስ ብዛት ማካፈል ግን ጨዋታ ጨርሶ የሚወጣውን ሰው በሥራው መቅጣት ነው።

እርግጥ ሰው ሳጥን አይደለም። መቺ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ላይ የመውጣት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ዓይኑ ኳሱን እስኪለምድ ድረስ። ስለዚህ በእውነተኛው ዓለም ዜሮ ከሳጥኑ ግምት በላይ ይበዛል። ጥሩ መሣሪያ ይህን ያስገባል፦ ከ0 እስከ 10 ባለው አንድ ዓይነት አደጋ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ። ግን መሠረታዊው ነገር አይለወጥም። ውዥንብሩ ሰፊ ነው።

ታዲያ የኮሊ 13.40 ዕድል ብቻ ነበር? ማስላት ይቻላል። ከጉዞው በፊት የቴስት አማካዩ 46 ገደማ ነበር። አማካዩ 46 የሆነ ሳጥን በአሥር ኢኒንግስ 13.4 ወይም ከዚያ በታች የሚያመጣው ከሺህ አንድ ጊዜ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ዕድል ነው፣ ተዉት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በሌላ በኩል ግን ቴስት የሚጫወቱ ብዙ አገሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ሰባት መቺ አላቸው፣ ሁሉም በየዓመቱ አዲስ የአሥር ኢኒንግስ ሰንሰለት ይሠራሉ። እንዲህ ብዙ ሰው ስታይ ከሺህ አንድ የሚደርሰው ነገር አንዱ ላይ መድረሱ አይቀርም። የሚወራውም ስለ እሱ ነው። ሌሎቹን ማን ያወራል?

መሣሪያው እዚህ ላይ ማድረግ ያለበት ወደ አማካዩ መጎተት ነው። ቀመሩ ቀላል ነው። ሰውየው ከዚህ ጉዞ በፊት በራሱ አማካይ አሥር ጊዜ የወጣ አድርገን እንጀምራለን። 46 ሲባዛ በ10፣ 460 ራን። በዚያ ላይ አዲሶቹን ኢኒንግሶች በ0.9 እያደበዘዝን እንጨምራለን። የኮሊን አሥር ቁጥሮች ብናስገባ 33 ይወጣል። ማለትም መሣሪያው «ወርዷል፣ ግን 13 ነው ብዬ አላምንም፣ 33 እለዋለሁ» ይላል።

ከዚያ አውስትራሊያ ውስጥ አዴሌድ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ መጣ፤ 115 እና 141። ሁለቱን ስናስገባ 33 የነበረው ወደ 45 ይዘላል። በአንድ ጨዋታ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ስታዩ አንዳንዶቻችሁ «ይህ መሣሪያ በጣም ይጠራጠራል» ልትሉ ትችላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «በጣም ይዘላል» ትላላችሁ። ሁለቱም እውነት ነው። የመጎተቻው ጉልበት፣ ያ «አሥር ጊዜ» ያልነው፣ እንደ ማስተካከያ ቁልፍ ነው። እኔ ወደ መጠራጠሩ አደላለሁ። ተጫዋችን በስህተት ከቡድን ማስወጣት፣ በስህተት አንድ ጨዋታ ተጨማሪ ከማጫወት የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍል ይመስለኛል። አሠልጣኞች ግን በዚህ አይስማሙም፣ ቁልፉንም ወደ ግራ፣ መጎተቻው ወደሚላላበት ማዞር ይወዳሉ።

እስካሁን ሁሉም ራን እኩል ነው ብለናል። አይደለም። በእንግሊዝ ቴስት የሚጫወተው በዱክስ ኳስ ነው። በአውስትራሊያ በኩካቡራ ነው። በሕንድ ኤስጂ የሚባል ሌላ አለ። የዱክስ ስፌቱ ጎላ ያለ ነው፣ አየሩ ሲያግዝም ለረጅም ሰዓት አየር ላይ ይታጠፋል። ኮሊን በ2014 ያስቸገረው ይኸው ነበር፦ ከእንጨቶቹ ውጭ ወደ ውጪ የሚታጠፍ ኳስ። ጄምስ አንደርሰን ብቻውን አራት ጊዜ አስወጥቶታል። አውስትራሊያ ሲሄድ ሜዳው ጠንካራ ነው፣ ኳሱ ይዘላል፣ ግን የመታጠፍ ጊዜው አጭር ነው። እንግዲህ የእንግሊዙ 13.40 ስለ «ፎርም» የሚነግረን ጥቂት ነው፣ «ከሚታጠፍ ኳስ ጋር ችግር አለበት» ስለሚለው ግን ብዙ ይነግራል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር የቀላቀለ መሣሪያ መራጩን ያሳስተዋል።

በ2018 ኮሊ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ኳሱ ከመታጠፉ በፊት እንዲያገኘው ከመስመሩ ወጣ ብሎ ወደ ወርዋሪው ቀርቦ ቆመ። በአምስት ጨዋታ 593 ራን ሠራ። አንደርሰን አንድም ጊዜ አላስወጣውም። ይህ ከፎርም ይልቅ የቴክኒክ ለውጥ ይመስለኛል። በራን ላይ ብቻ የተመሠረተ መሣሪያ ግን ልዩነቱን አያይም።

የሁኔታ ጉዳይ ከተነሳ ብራድማንን ልመልሰው። በ1932–33 እንግሊዞች በዳግላስ ጃርዲን መሪነት አውስትራሊያ ሄዱ። ሃሮልድ ላርዉድና ጓደኞቹ ኳሱን ወደ መቺዎች ሰውነት መወርወር ጀመሩ። ብራድማን በዚያ ተከታታይ በስምንት ኢኒንግስ 396 ራን ሠራ፣ አንዱን ሳይወጣ። አማካይ 56.57። ለሌላው ሁሉ የሚያስቀና ቁጥር ነው። ለብራድማን ግን ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ፎርም ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራስ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ያም ቢሆን ወደ 56 ያወረደው ሰውነቱ ላይ የሚመጣው ኳስ እንጂ የእጁ መድከም አልነበረም።

ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ለመክተት ከሞከሩት የታወቀው በ1987 የጀመረው የተጫዋቾች ደረጃ ነው። የቀድሞው የእንግሊዝ አምበል ቴድ ዴክስተር ያመነጨው ሐሳብ ነው፣ ስሌቱን ሮብ ኢስታዌይና ጎርደን ቪንስ ሠሩት። ዛሬ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ደረጃ ነው። ከ0 እስከ 1000 ይሄዳል። እያንዳንዱ ኢኒንግስ በተጋጣሚ ወርዋሪዎች ጥንካሬ፣ በጨዋታው አጠቃላይ የራን መጠን፣ በውጤቱ ይመዘናል። የቅርቡ ከሩቁ ይበልጣል። የቴስት መቺዎች ከፍተኛው የብራድማን 961 ነው። እኔ ይህን ሥራ አከብረዋለሁ። ግን ዋናው ዓላማው ሰዎችን በደረጃ መደርደር ነው። «በሚቀጥለው ሐሙስ ማን ይግባ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

በዚያ ስሌት ውስጥ አንድ የምወዳት ዝርዝር አለች። አንድ ተጫዋች አገሩ የተጫወተችበት ቴስት ካመለጠው ከነጥቡ አንድ በመቶ ይቀነስበታል። ያልተጫወተ ሰው ዝገት ይኖርበታል ነው ሐሳቡ። የአውስትራሊያውን መቺ ስቲቭ ስሚዝን ተመልከቱ። ማርች 2018 ኬፕ ታውን ላይ በተነሳው ኳስ የማበላሸት ቅሌት ለአሥራ ሁለት ወር ታገደ። ወደ ቴስት የተመለሰው በኦገስት 2019፣ እንግሊዝ ውስጥ፣ ከተመልካቹ ስድብ ጋር ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ 144 እና 142 መታ። በአራት ጨዋታ 774 ራን። ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ መሃል ላይ አንድ ጨዋታ ባያመልጠው ኖሮ ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር። እኔ በመሣሪያዬ ውስጥ ለመቅረት ቅጣት አላስገባም። ከዚያ ይልቅ እርግጠኝነቱን እቀንሳለሁ። ሰውየው ዓመት ከጠፋ ግምቱ ባለበት ይቆያል፣ ክልሉ ግን ይሰፋል። አልወረደም፣ እኛ ነን ያላየነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳው ግን ከኢኒንግስ ወደ ኳስ መውረድ ነው። አሥር ኢኒንግስ አሥር ውጤት ነው። ግን አንድ መቺ በቴስት 40 ራን ለመሥራት ሰማንያ ያህል ኳስ ይጋፈጣል። አሥር ኢኒንግስ ውስጥ ብዙ መቶ ኳስ አለ። ኳሱን በትክክል መታው? ጠርዙን ነካ? ሳተው? ባለሙያዎች ጨዋታውን እያዩ ለእያንዳንዱ ኳስ «ተቆጣጥሮታል» ወይም «አልተቆጣጠረውም» ብለው ይመዘግባሉ። ጠርዝ ነክቶ ማንም ሳይዘው አራት የሆነ ኳስ በራን ሰሌዳ ላይ አራት ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ግን ስህተት ነው። ሆክ አይ የሚባለው የኳስ መከታተያ በ2001 በቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ኳሱ የት እንዳረፈ፣ ምን ያህል እንደታጠፈ ይለካል። ከዚያ «እንዲህ ያለ ኳስ በአማካይ ስንት ጊዜ ሰው ያስወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሰው በሦስት ግሩም ኳስ ሦስት ጊዜ ከወጣ ፎርሙ ላይ ምንም ችግር ላይኖር ይችላል።

አቋም ሲወርድ መጀመሪያ የሚታየው ከራን ይልቅ እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ሰውየው 60 ሠርቶ ይወጣል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ግን ከአራት ኳስ አንዱን ስቷል። የተገላቢጦሹም አለ። ሦስት ጊዜ በአሥራዎቹ ወጥቶ ኳስ ሲመታ ግን ንጹሕ ነው።

ስለ ቲ20፣ ስለ አጭሩ የክሪኬት ዓይነት፣ ብዙ አልልም። አንድ ቡድን ያለው 120 ኳስ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በ8 ኳስ 20 የሠራ ሰው በ40 ኳስ 40 ከሠራው ይበልጣል። አማካይ ብቻውን ምንም አይልም፣ ፍጥነቱን ከጎኑ ማስቀመጥ ግድ ነው። የወርዋሪዎችም ፎርም በዚሁ መንገድ ይሰላል፣ ሰው ማስወጣት በጣም ጥቂት ጊዜ የሚሆን ነገር ስለሆነ መጎተቻው ይጠነክራል።

አሁን ስክሪኑ ላይ ምን እናሳይ? ብዙዎቹ መተግበሪያዎች አንድ ቁጥርና ቀስት ያሳያሉ። አረንጓዴ ወደላይ፣ ቀይ ወደታች። እኔ ቀስቱን አጥፍቼዋለሁ። በምትኩ ሰፊ ደብዛዛ ክልል ይታያል፣ መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር። የዕድሜ ልክ አማካዩ በነጠብጣብ ይሰመራል። መስመሩ ወርዶ ክልሉ ግን አሁንም ነጠብጣቡን ካቀፈ፣ መሣሪያው የሚለው «ገና አላውቅም» ነው። ተጠቃሚዎች ይህን አይወዱትም። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። አለማወቅን ማሳየት የማይችል መሣሪያ ግን ውሳኔን አያግዝም፣ የወሰኑትን ያጸድቅላቸዋል እንጂ።

አንድ ሌላ ነገር፦ መቶ የሚባለውን መስመር፣ በአንድ ኢኒንግስ መቶ ራን መሥራትን፣ ከስክሪኑ አውጡት። ኮሊ ከኖቬምበር 2019 እስከ ሴፕቴምበር 2022 በየትኛውም ዓለም አቀፍ ጨዋታ መቶ አልሠራም ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ ዜናው «ያለ መቶ ስንት ቀን» የሚል ነበር። የቴስት ውጤቱ በእውነት ወርዶ ነበር፣ አልክድም። ግን በ99 እና በ101 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ራን ነው። ለኮምፒውተር ምንም ትርጉም የለውም።

ዳታ ከየት ይገኛል ለምትሉ፣ ክሪክሺት የሚባል ገጽ የብዙ ሺህ ጨዋታዎችን የኳስ በኳስ ዝርዝር በነፃ ያቀርባል፣ በጄሰን (JSON) ፋይል። የመቆጣጠርና የሆክ አይ ዳታ ግን እዚያ የለም። ፋይሉን ስታነቡ ተጫዋቾችን በስም አትለዩ፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን መለያ ተጠቀሙ።

የመጨረሻው ጉዳይ ፈተናው ነው። መሣሪያው ይሠራል አይሠራም በምን ይታወቃል? ለእያንዳንዱ ኢኒንግስ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ዳታ ብቻ ሰጥታችሁት ቀጣዩን እንዲተነብይ አድርጉ። ከዚያ በፊት የነበረውን ብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳያስበው ይሳሳታል፦ «የዕድሜ ልክ አማካይ» ብሎ የሚያስገባው ሰውየው ጡረታ ሲወጣ የነበረውን ነው። በ2014 ላይ ቆሞ የ2018ን ውጤት እያወቀ ይተነብያል። ግሩም ይሠራል፣ እንዴት አይሠራ!

ከዚያ ሁለት ተቀናቃኝ አስገቡ። አንደኛው በእያንዳንዱ ኢኒንግስ ላይ እስከዚያ ቀን ያለውን ተራ አማካይ ብቻ የሚናገር ሰነፍ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው የእናንተ ነው። 0.9 ይሁን 0.97፣ መጎተቻው አሥር ይሁን ሃያ፣ ሁሉንም ከዚህ ሰነፍ ጋር አወዳድሩ። ትልቅ ልዩነት አትጠብቁ። በቅርጫት ኳስ ላይ በ1985 ጊሎቪች፣ ቫሎንና ትቨርስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች «እጁ የሞቀ ተጫዋች»፣ ተከታትሎ ሲያስቆጥር ቀጣዩንም የማስቆጠር ዕድሉ የሚጨምር የሚባለው ነገር በዳታው ውስጥ አይታይም ብለው ጻፉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2018 ሚለርና ሳንሁርሆ የእነዚያ ሰዎች ስሌት ራሱ የተደበቀ ማዘንበል እንዳለበት አሳዩ፣ ሲስተካከልም ነገሩ ተገለበጠ። ክርክሩ ይህን ያህል ዘመን የፈጀው ምልክቱ ትንሽ፣ ጫጫታው ትልቅ ስለሆነ ነው። በክሪኬት ደግሞ ዳታው ከዚያም ያንሳል።

የእናንተ ፕሮግራም ሰነፉን በጥቂቱ ካሸነፈ፣ ያቺ ጥቂት ነገር ነች ፎርም። ካላሸነፈው ሰነፉን ጫኑና ስክሪኑ ላይ የዕድሜ ልክ አማካዩን ብቻ አሳዩ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይኩ ከኋላ በኩል ይዞራል።